የወጣትነት ዜማና ባለቤቱ

ሰው በወጣትነቱ የወደደውን ዜማ ከብዙ ዓመታት በኋላ ዳግም ሲሰማው የሚያገኘው ምንድን ነው? አንዳንዱ «ዜማው ያው ነው፤ የተለወጠው አድማጩ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ዜማው ያን ጊዜም እምብዛም ነበር፤ ያሳመረው ናፍቆት ነው» ሲል ይከራከራል። ሁለቱም አስተያየቶች የየራሳቸው እውነት ቢኖራቸውም አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው። ይኸውም ጉዳዩን በአድማጩና በድምፁ መካከል ብቻ ወስነው፣ ድምፁን ያፈለቀውን ሰው የሚዘነጉ መሆናቸው ነው። በአማርኛ «ትዝታ» የስሜትም የቅኝትም ስም እንደመሆኑ ጥያቄው ለቋንቋው ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ጎልቶ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ግን ከዚህ እጅግ የራቀው የጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ሙዚቃ ታሪክ ነው።

ሰን ሃውስ እ.ኤ.አ. በ1902 በሚሲሲፒ፣ በክላርክስዴል አካባቢ ተወለደ። በወጣትነቱ የባፕቲስት ሰባኪ ስለነበር ጊታርን የኃጢአት መሣሪያ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። መጫወት የጀመረውም ዕድሜው ወደ ሃያ አምስት ዓመት ሲቃረብ ነው። በጣቱ ያጠለቀውን ቱቦ በክሮቹ ላይ እያንሸራተተ ጊታሩን እንደ ሰው ያስለቅሰው ነበር። ከመቅደሱ ሳይለቅ መሸታ ቤቱን፣ ከመሸታ ቤቱም ሳይለቅ መቅደሱን የሚናፍቅ ሰው ስለነበር፣ ይህ ጠብ በዘፈኖቹ ውስጥ ያለ መጋረጃ ይሰማል።

እ.ኤ.አ. በ1930 ከቻርሊ ፓተንና ከዊሊ ብራውን ጋር ወደ ግራፍተን፣ ዊስኮንሲን ተጉዞ ለፓራማውንት ኩባንያ ጥቂት ሸክላዎች አስቀረጸ። በኋላ እሱ ራሱ እንዳወሳው የተከፈለው 40 ዶላር ነው፤ በጥጥ እርሻ ላይ ደክሞ ይህን ያህል ለማግኘት አንድ ዓመት ገደማ ይፈጅበት ነበር። ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መባቻ ስለነበር ሸክላዎቹ ብዙ ገዢ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ1941 እና በ1942 አለን ሎማክስ ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድምፁን ቀዳ፤ ሙዚቀኛው እንደተረከው ከዚያ ያተረፈው አንድ ጠርሙስ ኮካ ኮላ ነበር። በ1943 ወደ ሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ ተሰድዶ በባቡር ኩባንያ ተቀጠረ። ወዳጁ ዊሊ ብራውን በ1952 ከሞተ በኋላም ጊታሩን እርግፍ አድርጎ ተወ።

ሸክላዎቹ ግን ከሰብሳቢ ወደ ሰብሳቢ ይዘዋወሩ ነበር። የሚያደምጧቸው ወጣቶች ድምፁን በልባቸው አኑረው ባለድምፁን እንደ ሙት ቈጠሩት። በመጨረሻ ኒክ ፐርልስ፣ ዲክ ዋተርማንና ፊል ስፓይሮ የተባሉ ሦስት ወጣቶች ሰውየውን ፍለጋ ወደ ደቡብ ወረዱ፤ ፍለጋቸውም በጁን 1964 ሮቸስተር ላይ አበቃ። በዚያው ወር በሚሲሲፒ ጥቁሮች በመራጭነት እንዲመዘገቡ ይታገሉ የነበሩ ሌሎች ሦስት ወጣቶች ተገደሉ። አንደኛው ጉዞ ያለፈ ዜማ ፍለጋ፣ ሁለተኛው የቆየ መብት ማስመለስ ነበር። ሁለቱን ማበላለጥ አያስፈልግም። ሆኖም የአንድን ሕዝብ እንጉርጉሮ የሚወድ ሰው ያ ሕዝብ ስለ ምን እንደሚያንጎራጉር ካልጠየቀ፣ ፍቅሩ ለሸክላው እንጂ ለሰው አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ሰን ሃውስ ሲገኝ ጊታር አልነበረውም። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ዘፈኖቹንም ረስቷቸዋል። አለን ዊልሰን የተባለ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት የሽማግሌውን የቀድሞ ሸክላዎች በጥሞና አጥንቶ ስለነበር፣ ከፊቱ ተቀምጦ «በ1930 እንዲህ ትጫወት ነበር» እያለ አሳየው። አንድ ሰው የገዛ ወጣትነቱን ከልጅ ልጁ እኩያ ተማረ! ታዲያ በዚያች ሰዓት የዜማው ባለቤት ማን ነበር? የረሳው አዛውንት ወይስ ያስታወሰው ወጣት?

«የሚያውቀው ያስታወሰው ነው» ማለት ይቀልል ይሆናል። ቀጥሎ የሆነው ግን ይህን መልስ ያፈርሰዋል። ሰን ሃውስ በ1965 ለኮሎምቢያ ኩባንያ በድጋሚ ሲቀረጽ ያቀረበው የሸክላውን ግልባጭ አልነበረም። በ1930 በሦስት ደቂቃ የሸክላ ገጽ ላይ ተጨናንቆ የነበረ የሐዘን ዘፈን፣ አሁን የሞት መርዶ ይዞ የመጣ ደብዳቤ ታሪክ ሆኖ ራሱን ችሎ ቆመ። እጁ እንደ ቀድሞው አይፈጥንም፤ ድምፁ ግን የኖረባቸውን ሠላሳ አምስት ዓመታት ተሸክሟል። ወጣቱ ሊመልስለት የቻለው የጣቶቹን መንገድ ብቻ ነው። በዚያ መንገድ የተጓዘው ሰው ሌላ ማንም ሊሆን አይችልም ነበር።

አዛውንቱን ሲሰሙ «እንደ ሸክላው አይደለም» ብለው ያዘኑ አድማጮች አይጠፉም። ኀዘናቸው ሐሰት ነው አይባልም፤ የወጣቱ ጉልበት በእርግጥ አልፏል። ስሕተቱ ያለው ሙዚቀኛው የእነሱን ትዝታ እንዲጠብቅላቸው በመሻት ላይ ነው። እነሱ ሲያረጁ እሱ ሳያረጅ እንዲጠብቃቸው ፈለጉ። እሱ በነዚያ ዓመታት ለእንጀራው ሲደክም፣ ሸክላው ከመደርደሪያ አልወረደም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንደገና ማንሣት ይገባል። በወጣትነት የተወደደን ዜማ ዳግም ያገኘ ሰው ያገኘው የራሱን ያለፈ ዕድሜ ብቻ ከሆነ፣ ደስታው እውነተኛ ቢሆንም ጎዶሎ ነው። ከዜማው ጋር አንድ ዕዳም አብሮ ይመጣል፦ ተጫዋቹ ከዚያ ወዲህ እንዴት ኖረ? ከድካሙ ምን ደረሰው? በሕይወትስ አለ? ሰን ሃውስ በ1988 ዲትሮይት ውስጥ እስኪያርፍ ድረስ ብዙ መድረኮችን አየ፤ አውሮፓንም ዞረ። ይህ የሆነው ሦስት ወጣቶች ከሸክላው በስተጀርባ ሰው አለ ብለው ስላመኑ ነው። እንዲያም ሆኖ ዘግይተው ነበር፤ ያለ ጊታር ያለፉትን ዓመታት ሊመልስ የቻለ ማንም የለም። አሮጌ ሸክላ ከሣጥን አውጥቶ አቧራውን የሚጠርግ ሁሉ በላዩ የተጻፈውን ስም ቢያነብና ባለቤቱን ለመጠየቅ ቢነሣ፣ ከዚህ ታሪክ የሚገባውን ትምህርት ወስዷል ማለት ይቻላል።