ድልድዩን ማን ይዝጋ?

የከተማ አስተዳደር የሚያሰጋ ድልድይ የመዝጋት ግዴታ አለበት ሲባል የሚቃወም አይገኝም። የሚያከራክረው ስጋቱ መቼ ግዴታ ይሆናል የሚለው ነው።

የአሜሪካዋ ፒትስበርግ ከተማ ንብረት የነበረው ፈርን ሆሎው ድልድይ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2022 ማለዳ አውቶቡስና መኪኖች እንደጫነ ተደረመሰ። ማንም አልሞተም፤ በረዶ በመጣሉ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት አርፍደው ስለነበር መንገዱ ጭር ብሏል። ይህ ዕድል ነው እንጂ አስተዳደር አይደለም። ተቆጣጣሪዎች ከ2011 ጀምሮ ድልድዩን «ደካማ» ብለው መዝግበውታል፤ የውሃ መውረጃዎቹ ተደፍነው ብረቱ በዝገት እየተበላ መሆኑንም ደጋግመው ጽፈዋል።

«ሰሌዳው እስከ 26 ቶን ይፈቅዳል ይል ነበር፤ ከተማው በምን ይወቅ?» የሚል ይኖራል። የፌዴራሉ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ግን የአቅሙ ስሌት በትክክል ቢሠራ ኖሮ ድልድዩ መዘጋት እንደነበረበት አረጋግጧል። ታዲያ ጥፋቱ የመሐንዲሶቹ አይደለም? በከፊል ነው። ሆኖም የተበሳ ብረት ሪፖርት በየጊዜው የሚቀርብለት ሹም በአንድ ቁጥር ሊከለል አይችልም። አለማወቅ ይቅር የሚባለው ማወቂያው ሲጠፋ ነው፤ እዚህ ማወቂያው መዝገብ ቤት ተቀምጧል።

በ1887 የተከፈተውን የለንደን ሐመርስሚዝ ድልድይ ደግሞ እንይ። ባለቤቱ የአካባቢው ምክር ቤት በብረቱ ላይ ስንጥቅ ስለተገኘ በ2019 ለመኪና፣ በ2020 ለእግረኛም ዘጋው። እግረኞች በ2021 ቢመለሱም መኪና ለዓመታት እንደተከለከለ ቀረ፤ የጥገናውን ወጪ ማን ይክፈል የሚለው ከመንግሥት ጋር አጨቃጨቀ። ነዋሪው አማረረ፣ ምሬቱም ከንቱ አይደለም፤ አምቡላንስም ዞሮ ይሄዳል። ድልድዩ ግን አልወደቀም። የዘጋው ወገን ልክ እንደነበረ የሚመሰክርለት አስከሬን የለም።

ችግሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የዘጋ ሹም ወቀሳው ዛሬውኑ ይደርሰዋል፤ ያልዘጋ ሹም የሚወቀሰው ምናልባት ሥልጣን ከለቀቀ በኋላ ነው። በድምፅ የተመረጠ ሰው ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው። ስለዚህ መዝጋትን ለሹም ድፍረት መተው አይበቃም፤ የማስረዳቱ ሸክም መገልበጥ አለበት። ተቆጣጣሪው አደጋ አለ ካለ ድልድዩ ይዘጋ፤ የጥገናው ገንዘብና ቀነ ገደብም አብሮ ይቆረጥ። ክፍት ይቆይ የሚል ሹም ካለ ምክንያቱን ጽፎ፣ በስሙ ፈርሞ፣ ለነዋሪው ያሳውቅ።