ሌሎች ምን ይመርጡ ይሆን?

በብዙዎቻችን ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ከአልጋ ሥር፣ አንድ ጥቁር የቪዲዮ ካሴት አይጠፋም። የሠርግ ይሆናል፤ ወይም የምረቃ። ማጫወቻው ከተበላሸ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ካሴቱን ግን ማንም ሊጥለው አልደፈረም። ይህ ካሴት አብዛኛውን ጊዜ ቪ.ኤች.ኤስ. የሚባለው ዓይነት ነው። ለምን ሌላ ዓይነት እንዳልሆነ ምናልባት ጠይቀን አናውቅም። ታሪኩ ግን ስለ ካሴት ብቻ አይደለም፤ እኛ እንዴት እንደምንመርጥም ይነግረናል።

እ.ኤ.አ. በ1975 ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቤታማክስ የሚባል የቤት ውስጥ ቪዲዮ መቅጃ ለገበያ አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት ሌላው የጃፓን ኩባንያ ጄ.ቪ.ሲ. ቪ.ኤች.ኤስ.ን ይዞ ብቅ አለ። የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፤ የአንዱ ካሴት ግን በሌላው ማጫወቻ ውስጥ አይሠራም። ስለዚህ ገዢው ዕቃ ብቻ አልነበረም የሚመርጠው፤ ወገንም ይመርጥ ነበር።

ቤታማክስ በምስል ጥራት ይበልጣል ይባል ነበር፤ ልዩነቱ ግን በዘመኑ የቤት ቴሌቪዥን ላይ በዓይን ለመለየት የሚያስቸግር ነበር። በአንጻሩ የመጀመሪያው የቤታማክስ ካሴት አንድ ሰዓት ብቻ ሲቀዳ፣ ቪ.ኤች.ኤስ. ሁለት ሰዓት ይቀዳ ነበር፤ አንድ ፊልም ካሴት ሳይቀየር ያልቃል ማለት ነው። ሶኒ የራሱን ጊዜ ቢያራዝምም ተቀናቃኙም አብሮ አራዘመ።

ከዚያ ወዲያ ፉክክሩ ከካሴቱ ወደ ሰው ልብ ገባ። ገዢው «የትኛው ይሻላል?» ማለቱን ትቶ «ጎረቤቴ የትኛውን ገዛ? ካሴት የምዋሰው ከማን ነው? ቪዲዮ ቤቱ ነገ የትኛውን ያከራያል?» ይል ጀመር። ቪዲዮ ቤቱ ደግሞ በተራው የገዢውን ልብ ይገምታል። ሁሉም የሌላውን ግምት ለመገመት ይጥር ነበር።

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆን ሜናርድ ኬይንስ ይህን ጠባያችንን በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ በአንድ ምሳሌ ገልጾታል። አንድ ጋዜጣ መቶ ፎቶግራፎች አውጥቶ ስድስቱን ቆንጆዎች ምረጡ ይላል፤ የሚሸለመው ምርጫው ከአብዛኛው ሰው ምርጫ ጋር የሚቀራረበው ነው። እንዲህ ባለ ውድድር ማንም ለራሱ ቆንጆ የመሰለችውን አይመርጥም፤ ሌሎች ይመርጧታል ብሎ የሚገምታትን ነው እንጂ። ሌሎቹም እንደዚያው እየገመቱ ነው።

በ1984 መጀመሪያ ላይ ሶኒ በጃፓን ጋዜጦች ለአራት ቀናት ተከታታይ ማስታወቂያ አወጣ። ርእሱ ቤታማክስ ሊጠፋ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ነበር። መልሱ በእርግጥ «አይጠፋም» ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው ልብ ውስጥ የቀረው ጥያቄው ነበር። በ1988 ሶኒ ራሱ የቪ.ኤች.ኤስ. መሣሪያ ወደ መሥራት ገባ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ነገሩ በዲስክ ተደገመ። የቶሺባው ኤች.ዲ. ዲቪዲ እና እነ ሶኒ ያቀረቡት ብሉ ሬይ በ2006 ፉክክር ጀመሩ፤ ብዙ ገዢም አሸናፊው እስኪለይ እጁን ሰብስቦ ጠበቀ። በጃንዋሪ 2008 ዋርነር የተባለው ትልቅ የፊልም ኩባንያ ከእንግዲህ ከብሉ ሬይ ጋር ብቻ እሠራለሁ አለ። ሰባት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ቶሺባ ከገበያው መውጣቱን አሳወቀ። በእነዚያ ሳምንታት የዲስኩ ጥራት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰው ስለ ነገ የነበረው ግምት ነው።

እንግዲህ «ሰው ሁሉ ስለ ገዛው» ቪ.ኤች.ኤስ.ን የገዛ ሰው ተሳስቷል? «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚለው ተረት እሱን ይመለከታል? አይመስለኝም። ካሴት እንደ ስልክ ነው፤ በአገር ውስጥ ብቻውን ስልክ ያለው ሰው የሚደውልለት የለም። የዚህ ዓይነት ዕቃ ጥቅሙ በተጋሪዎቹ ብዛት ይጨምራል፤ ስለዚህ የሌሎችን ምርጫ ማየት አስተዋይነት ነው። «የተሻለው ቤታማክስ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አላወቀበትም» እያሉ መመጻደቅም አያስኬድም። ሕዝቡ ሙሉ ፊልም መቅዳት ፈለገ፤ ይህም በቂ ምክንያት ነው። ከብዙኃኑ መለየት ብቻውን ሰውን ትክክለኛ አያደርገውም።

አደጋው ለካሴት የሚሆነውን ጥያቄ ወደማይገባበት ስፍራ ይዘነው ስንሄድ ነው። ፈተና ላይ ተማሪው «ሌሎቹ መኮረጃቸው አይቀርም» ብሎ ይኮርጃል፤ ሌሎቹም ስለ እሱ እንዲሁ ያስባሉ። ክፍሉ በሙሉ ቢኮርጅ ግን ኩረጃ እውቀት አይሆንም። ወይም አንዲት ልጅ ከጓደኞቿ መካከል ትገለላለች። አንድ በአንድ ብንጠየቅ ማናችንም ቅሬታ የለንም፤ አጠገቧ ብቀመጥ ሌሎቹ ምን ይሉኛል ብለን ግን እንርቃታለን። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ እዚህ ግን ዛፉን የጣለው የእኛው ግምት ነው። የካሴት ዋጋ በገበያ ይወጣል ይወርዳል። የሰው ክብር ግን ሌሎች ስለሚያስቡት አይጨምርም፤ አይቀንስምም።

ስለዚህ ወጣት ሆይ፣ ከመምረጥህ በፊት አንድ ነገር ጠይቅ፤ ይህ ነገር ዋጋው ከተጋሪዎቹ ብዛት የሚመጣ ነው ወይስ ከራሱ? ከብዛት ከሆነ፣ ሌሎችን እያየህ ምረጥ፤ ነውር የለውም። ከራሱ ከሆነ ግን፣ ሌሎች የሚሉትን ጠብቀህ አትወስን። ደግሞም አንተ ራስህ ሌሎች ከሚገምቷቸው ሰዎች አንዱ መሆንህን አትርሳ። በገበያው የአንድ ኩባንያ ቃል የብዙዎችን ግምት ገልብጧል፤ በክፍል ውስጥም መጀመሪያ ሄዶ ከዚያች ልጅ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ሰው ይበቃ ይሆናል።

ሶኒ የቤታማክስ ካሴት መሸጡን ያቆመው በ2016 ነው። የመጨረሻው የቪ.ኤች.ኤስ. መሣሪያ አምራችም በዚያው ዓመት ሥራውን አቆመ። አሸናፊውም ተሸናፊውም በአንድ ዓመት ተሰናበቱ። በሠርጉ ካሴት ላይ ግን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቃል ሲገባቡ ይታያሉ። ያ ቃል የጸናው ብዙ ሰው ስላጨበጨበ አይደለም፤ ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ቀን በኋላ በየዕለቱ ስለ ጠበቁት ነው።