የተቃራኒው ቡድን ደጋፊ ያስተማረን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እግዚአብሔር ሰውን የሚያስተምረው በመምህራን አንደበት ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ፈጽሞ ባላሰብነው ሰው አፍ ይገሥጸናል። እኛም በዚህ ዓመት የተገሠጽነው በዐውደ ምሕረት ላይ ሳይሆን ከሰመራ ወደ አዋሽ ሰባት በሚወስደው መንገድ፣ በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። የገሠጸንም የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነው።

እንደምታውቁት በሰመራ ከምንማረው መካከል ብዙዎቻችን የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ደጋፊዎች ነን። ቡና ደጋፊ የሆኑም አሉ። ባለፈው የሁለቱ ቡድኖች ጨዋታ ማግስት በመካከላችን የተነሣው ክርክር ወደ ስድብ ተለውጦ፣ በመዝሙር ክፍል ጎን ለጎን ይቆሙ የነበሩ ሁለት ወንድሞቻችን ሰላምታ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። አንደኛውም ከልምምድ ቀረ። ይህን ሁላችንም አይተን ዝም ብለናል።

ከፈተና በኋላ አራት ሆነን ወደ አዋሽ ስንመለስ ሎግያን እንዳለፍን ሾፌሩ በአንገታችን ያለውን የክለባችንን ሻርፕ አየና፣ «ልጆች፣ ጊዮርጊሶች ናችሁ ማለት ነው?» ሲል ጠየቀን። በመስተዋቱ ላይ የተንጠለጠለችውን ቡናማና ቢጫ ጨርቅ ያየነው ያን ጊዜ ነው። «አዎ ጋሼ፣ ዋንጫ ለምደን ምን እናድርግ!» ብለን ቀለድንበት። እርሱ ግን አልተቆጣም። ሣቅ ብሎ ስለ እኛው ቡድን ይነግረን ጀመር።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም.፣ ጠላት አገራችንን በወረረበት በዚያው ዓመት፣ በአራዳ እንደ ተመሠረተ፤ በወረራው ዘመን ስሙን እንዲለውጥ እንደ ተገደደ፤ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. አራት ዓመት በተከታታይ የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ እንደ ወሰደ፤ በ2009 ዓ.ም. የኮንጎውን ሊዮፓርድስ አሸንፎ ከኢትዮጵያ ክለቦች የመጀመሪያው ሆኖ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ እንደ ገባ አንድ በአንድ ተረከልን። ከእኛ መካከል ግማሹን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። «ጋሼ፣ የእኛን ቡድን ታሪክ ምን ያደርግልዎታል?» ብንለው፣ «የሚገጥምህን ሳታውቅ የራስህን ታውቃለህ እንዴ?» አለን።

ስለ ራሱ ቡድንም አወጋን። ቡና በ1968 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ1990 ዓ.ም. የግብፁን አል አህሊ ከአፍሪካ ውድድር አስወጣ። የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ግን ያነሣው በ2003 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ ጊዜ ነው። ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ያለ ዋንጫ አለፈ። ጨዋታው በአዲስ አበባ ስታዲየም ይደረግ በነበረበት ዘመን ሾፌራችን ገና ወጣት ሆኖ ከጠዋት ጀምሮ ይሰለፍ ነበር። በጅቡቲ መስመር መሥራት ከጀመረ ወዲህ በሬዲዮ፣ አሁን ደግሞ ሚሌ ላይ መኪናውን አቁሞ በስልኩ ይከታተላል። «እናንተ ዋንጫ ትቆጥራላችሁ፤ እኛ የጠበቅነውን ዓመት እንቆጥራለን» አለን።

ቀጥሎ የጠየቀን ጥያቄ ግን ልባችንን ወጋው። «እኔ ሙስሊም ነኝ። ይህን ስም ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ታሪኩን ግን የነገረኝ የለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ማነው?» አለ። አንደኛችን፣ «በነጭ ፈረስ ላይ ያለው፤ ዘንዶውን የገደለው» አለ። «እሺ፣ ከዚያስ? እርሱስ እንዴት ሞተ?» አለ ሾፌሩ። እርስ በርሳችን ተያየን። ከገዋኔ እስከ አዋሽ አርባ ድረስ በመኪናው ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች! ይህን የጻፍነው ራሳችንን ለማዋረድ ብቻ አይደለም። ጌታችን በወንጌል በብልሃቱ በጌታው የተመሰገነውን ዓመፀኛ መጋቢ ለእኛ ማስተማሪያ አድርጎታል (ሉቃ. 16)። የአሕዛብ ወገን የሆነውን የመቶ አለቃም እምነቱን አድንቆ በራሱ ወገኖች ፊት መስክሮለታል (ማቴ. 8)። ስለዚህ ከእኛ ወገን ያልሆነ ሰው መልካም ነገር ሲኖረው ማየት፣ አይቶም መመስከር የክርስቲያን ግዴታ ነው። ታዲያ ከዚህ ደጋፊ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ የሚወድ ሰው ያውቃል። ሾፌሩ የቡድኑን ታሪክ ለፈተና አላጠናውም። ስለ ወደደ ጠየቀ፤ ስለ ጠየቀ ሰማ፤ የሰማውንም ደጋግሞ ለሌላው ስለ ተናገረ አልረሳውም። እኛ ግን የተጫዋቾችን ስም ከነመለያ ቁጥራቸው እናውቃለን፤ የዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ስም ቆጥሩ ብንባል ስንቶቻችን ስድስት ላይ እንቆማለን? እንወዳለን የምንለውን ነገር ካላወቅነው ፍቅራችን የአፍ ነው።

ሁለተኛ፣ ታማኝነት የሚታወቀው በሽንፈት ቀን ነው። ያሸነፈን ቡድን ሁሉም ይከተለዋል። ሩት ከኑኃሚን ጋር የሄደችው ኑኃሚን ባልዋንና ልጆችዋን ቀብራ ባዶ እጅዋን በቀረችበት ጊዜ ነው። የእኛ ታማኝነት ግን እስከ ምን ድረስ ነው? በጥምቀትና በመስቀል ነጠላ ለብሰን ከሰልፉ ፊት እንገኛለን። የሰመራ ሙቀት በበረታበት በግንቦት እሑድ ግን አዳራሹ ውስጥ ከወንበሩ የሚበዛው ባዶው ነው። ለጨዋታ ሁለት ሰዓት የቆመ እግራችን በቅዳሴ ጊዜ ግድግዳ ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ እውነተኛ ታማኝ ሰው ሌላውን ለመጥላት አይቸኩልም። ሾፌሩ በራሱ መኪና ውስጥ ሊሰድበን ይችል ነበር፤ ነገር ግን የእኛን ክብር ከእኛ በላይ ጠብቆ ነገረን። ስድብና ድንጋይ የሚወረውር ደጋፊም መኖሩን አንክድም፤ ከእርሱ የምንወስደው ትምህርት የለም። እኛ ግን ስለ አንድ ጨዋታ የመዝሙር ወንድማችንን የጠላን ሰዎች፣ ከየትኛው ደጋፊ ወገን እንደምንቆጠር ራሳችንን እንጠይቅ። ኳስ ጨዋታ ነው፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ፊሽካ ይነፋል። ወንድማችን ግን ከፊሽካው በኋላም ወንድማችን ነው።

ሰመራ ስንመለስ መምህራችንን ጠይቀን ገድሉን አነበብን። ቅዱስ ጊዮርጊስ ክርስቶስን ካድ ቢባል እምቢ ብሎ ሰባት ዓመት ብዙ መከራ የተቀበለ፣ በመጨረሻም ሚያዝያ 23 ቀን አንገቱን ተሰይፎ በሰማዕትነት ያረፈ ነው። ታቦቱ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ወደ ዐድዋ እንደ ዘመተ፣ ድሉም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በመታሰቢያው ዕለት እንደ ሆነ ተማርን። ስሙን በሻርፕ ላይ የተሸከምነው ሰማዕት የታማኝነት መምህር ሆኖ ሳለ፣ እኛ በፈረሱ ላይ ቀርተን ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሾፌሩ ሎግያ ላይ ሻይ ሲጠጣ አገኘነውና የቀረብንን ዕዳ ከፈልን። እስኪያልቅ ድረስ ሳያቋርጥ ሰማን። «ሰባት ዓመት!» አለ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ። «እንግዲህ እኛ ቡናዎች ጠበቅን ማለት አንችልም።» የሻዩንም ሒሳብ እርሱ ከፈለ።

ከዚህ በመነሣት የተስማማንበት ነገር አለ። በየወሩ በ23 ቀን ከመካከላችን አንዱ የአንድ ቅዱስን ታሪክ አጥንቶ ለሌሎቻችን ይናገራል። የመጀመሪያውን ተራ ጊዮርጊስ የሚደግፈውና ቡና የሚደግፈው፣ እነዚያ ሰላምታ የተከለካከሉት ሁለት ወንድሞቻችን፣ በአንድነት እንዲያዘጋጁት ጠየቅናቸው። አንደኛው እሺ ብሏል። ሁለተኛው ገና እያሰበበት ነው። እናንተም ጸልዩለት፤ ከተቻላችሁም ሄዳችሁ አነጋግሩት።

ወጣቶች ሆይ! ነገ አንድ መንገደኛ ስለ እምነታችን ቢጠይቀን የምንመልሰው እንዳናጣ ዛሬ እንማር። በድል ቀን ብቻ ሳይሆን በሙቀቱና በድካሙም ቀን እንገኝ። የሌላውንም መልካምነት ለመመስከር አንፈር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።