ከጾም የተረፈው ገንዘብ የማን ነው?

አንድ ቤተሰብ ለምግብ የሚያወጣውን ወጪ መቀነሱ በተለምዶ የኑሮ ብልሃት እንጂ የሃይማኖት ጉዳይ ሆኖ አይታይም። ጤፉን ከማሽላ ወይም ከሩዝ ጋር ቀላቅሎ ማስፈጨት፣ በርበሬውን ዋጋው ረከስ በሚልበት ወራት ገዝቶ ለዓመት ማሰናዳት፣ ዘይትና ስኳሩን ከሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር መሸመት፣ ያደረውን እንጀራ ፍርፍር ማድረግ፣ ከዚያ የዘለለውንም ድርቆሽ አድርጎ ማስቀመጥ የባለሙያ እመቤት መለያ ተብለው ይመሰገናሉ እንጂ ጽድቅነታቸው ወይም ኃጢአትነታቸው ሲመረመር እምብዛም አይሰማም። ይሁንና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚኖር ቤተሰብ የዓመቱን ግማሽ ያህል በጾም የሚያሳልፍ በመሆኑ፣ የአስቤዛውን ልክ የሚወስነው የገበያው ዋጋ ብቻ ሳይሆን እምነቱ ጭምር ነው፤ እምነቱ ያስቀረው ወጪ ደግሞ የማን ነው ተብሎ መጠየቁ የሚገባ ነው።

ጥያቄውን ለመመርመር በቅድሚያ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ቁጠባ ለሚያስፈልግ ነገር የሚበቃውን አውጥቶ ከዚያ በላይ ያለውን ማቆየት ነው፤ ብኩንነት ያለ ልክ ማፍሰስ ነው፤ ንፍገት ደግሞ ለራስም ሆነ ለሌላ ሊወጣ የሚገባውን መከልከል ነው። አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ቸርነትን በብኩንነትና በንፍገት መካከል ያኖረ ሲሆን፣ በ«ፖለቲካ» መጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ደግሞ ቤት ማስተዳደርን ገንዘብ ከማካበት ለይቶ፣ ቤት የሚያስፈልገው ነገር ወሰን ስላለው የፊተኛው ጥበብ ወሰን እንዳለው፣ የኋለኛው ግን ወሰን እንደሌለው ያስረዳል። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር «በቃ» የሚል ልክ የሌለው ቁጠባ ስሙ ቁጠባ ይባል እንጂ ከቤት ማስተዳደር ወጥቶ ወደ ማካበት የተሻገረ መሆኑ ነው። ፈላስፋው ግን ወሰኑ ከተሞላ በኋላ የተረፈው ለማን እንደሚገባ የሚሰጠው ምላሽ ለድኻ እናት ልጆች ብዙም አይጠቅምም፤ እርሱ የሚያስበው ስለ ሰጪው ሰው ጠባይ እንጂ ስለ ተቀባዩ ረኀብ አይደለምና።

ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ረገድ ርቀው ይሄዳሉ። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 16 እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲወርድላቸው ለነገ ብለው ያስቀሩት ተልቶ ሸተተ፤ በስድስተኛው ቀን ለሰንበት ብለው ያስቀሩት ግን፣ መናው ያው መና፣ ሌሊቱም ያው ሌሊት ሆኖ ሳለ፣ ሳይበላሽ አደረ። በዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከግብጽ ምድር ፍሬ አምስተኛውን እጅ እንዲያከማቹ መከረ፤ ምክሩም አልተነቀፈበትም፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ግን ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ጎተራ ሊሠራ ያሰበው ባለጠጋ ሰነፍ ተባለ። ሁለቱም እህል አከማቹ፤ ልዩነታቸው የዮሴፍ ጎተራ በረኀብ ጊዜ ለሌሎች ሊከፈት የተሠራ፣ የባለጠጋው ግን ለራሱ ነፍስ ብቻ የታሰበ መሆኑ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በቀጰዶቅያ ይህንኑ የሉቃስ ምንባብ ሲተረጉም ተዘግቶ የተቀመጠው እንጀራ የባለቤቱ ሳይሆን የተራበው ሰው ነው እስከ ማለት የደረሰ ሲሆን፣ ይህም አባባል የምጽዋትን ትርጉም ይለውጠዋል፤ መስጠት ከልግስና ወጥቶ ዕዳን ወደ መክፈል ይገባልና።

ከሁሉ ይልቅ ለቤት እመቤት የሚቀርበው ግን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የተጻፈው ነው። ክርስቶስ በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ 5000 ያህል ወንዶችን ካጠገበ በኋላ አንዳች እንዳይጠፋ ቁርስራሹን ሰብስቡ ብሎ ደቀ መዛሙርቱን ሲያዝዝ 12 መሶብ ሞላ። እንጀራን ያለ ዋጋ ማብዛት የሚቻለው ጌታ ፍርፋሪ እንዲጠፋ አለመፍቀዱ፣ ቁጠባ ከድኽነት ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን ያሳያል፤ ምግብ ሲገኝ ብዙ ሆኖ ቢገኝም እንኳ ክብር አለው። በሀገራችን ይህ አሳብ ለዘመናት ሥርዓት ያለው ቦታ ነበረው። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ በእመቤታችን ስም ሲለምን የሚሰጠው ቁራሽ ከገበሬው መሶብ በአጋጣሚ የተረፈ አልነበረም፤ እመቤቲቱ ስትጋግርም ተማሪውን አስባ ነበርና። የዜማውና የቅኔው ሊቃውንት የተማሩት፣ ይህም በክብር ሊነገር ይገባዋል፣ ከቤተሰብ ማዕድ ላይ በተቆረሰ እንጀራ ነው።

ጾም በዚህ ሁሉ መካከል የሚይዘው ስፍራ ልዩ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀናት ናቸው፤ በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ቅቤ፣ ዕንቁላልና ወተት ከቤቱ ይወጣሉ፤ የዘይት፣ የምስርና የሽሮ ወጪ ከፍ ቢልም፣ ዘወትር ከፍስክ ምግብ ጋር የሚኖር ቤት የሳምንት አስቤዛው ባመዛኙ ዝቅ ይላል። ይህን ልዩነት የሚመለከት ቀጥተኛ ትምህርት በጥንታዊቱ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን በሮም የተጻፈው፣ በግእዝ ተተርጉሞ በኢትዮጵያ የተጠበቀውና የግእዙ ቅጂ በአንቷን ዳባዲ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1860 በላይፕዚግ የታተመው የሄርማስ መጽሐፍ፣ በ5ኛው ምሳሌው ጾመኛው በጾሙ ቀን ከእንጀራና ከውኃ በቀር ምንም ሳይቀምስ፣ በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት ወይም ለድኻ አደግ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ያስተምራል። መጽሐፉ ስለ ልብ ጾም ብዙ የሚናገር ሲሆን ሒሳቡንም አልናቀውም፤ ዋጋው ይሰላል፣ የተሰላውም ይሰጣል። በዚያው ክፍለ ዘመን የአቴናው ፈላስፋ አርስጢዲስ ስለ ክርስቲያኖች ለሮም ንጉሥ ባቀረበው የመከላከያ ጽሑፍ፣ በመካከላቸው ድኻ ሲኖርና ትርፍ ምግብ ሳይኖራቸው ሲቀር ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጾመው ለዚያ ሰው የሚበላውን እንደሚያሟሉለት መስክሯል። በፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም የሚናገረውን 15ኛውን አንቀጽ የሚከተለው ስለ ምጽዋት የሚናገረው ነው፤ ሁለቱ ተነጣጥለው አይታሰቡም።

እንግዲህ በዛሬው ቤተሰብ ዘንድ ከጾም የሚተርፈው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ሲታይ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ፋሲካን ነው። የቅርጫው መደብ፣ የዶሮው፣ የቅቤውና የዕንቁላሉ ዋጋ በበዓል ዋዜማ ሲወጣ በሁለት ወር የተቀነሰው በሁለት ቀን ይከፈላል። በዓልን በደስታ ማክበር ራሱ ሥርዓት ነው፤ ቅርጫም ቢሆን በሬውን ለብቻው ለመግዛት የማይችል ጎረቤት በድርሻው ሥጋ እንዲያገኝ የሚያደርግ፣ ቁጠባንና ጉርብትናን ያጣመረ ድንቅ ልማድ ነው። ነገር ግን ጾሙ ያተረፈው ሁሉ ወደዚያው ወደ ጾመኛው ማዕድ ከተመለሰ፣ ምግቡ ቀኑ ተላለፈ እንጂ አልተተወም። ይህ ጽሑፍ የሚሟገትለት አሳብም ይኸው ነው፦ በጾም ምክንያት የቀረ ወጪ ከሌላው ቁጠባ ተለይቶ ሊታይ ይገባል፤ ቤተሰቡ በብልሃቱ ያተረፈው የቤተሰቡ ሲሆን፣ በጾሙ ያተረፈው ግን ከመጀመሪያው ለሌላ ሰው የተለየ ነው።

ለዚህ የሚቀርበው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ኑሮ በተወደደበት ዘመን አንዲት እናት ከጾሙ የቀረውን ገንዘብ ለልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ለቤት ኪራይ ብታውለው የድኻውን ገንዘብ ወሰደች ሊባል ነውን? አይባልም፤ ምክንያቱም የሄርማስ ትምህርት የሚናገረው ትርፍ ስላለው ሰው ሲሆን፣ የልጅ ትምህርትና መጠለያ ግን ከላይ በተጠቀሰው የቤት አስተዳደር ወሰን ውስጥ የሚገቡ ናቸው። ጥያቄው የሚጸናው ወሰኑ የሞላለት ቤት ላይ ነው፤ እንዲህ ያለው ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በዚህ ስም አይጠራም። በእስልምና ይህን የሕሊና መዋዠቅ የሚያሳጥር ግልጽ ድንጋጌ አለ፤ ከረመዳን ጾም ፍጻሜ ጋር የተያያዘው ዘካተል ፊጥር፣ አቅሙ ያለው የቤት ኃላፊ ሕፃናትን ጨምሮ ስለ እያንዳንዱ የቤቱ ሰው አንድ ቁና፣ ማለትም ሳዕ የሚባል መስፈሪያ፣ ከሀገሩ ዋና እህል ከዒድ ሶላት በፊት እንዲሰጥ ያዝዛል። ልኩ መታወቁና ቀኑ መወሰኑ ለሰጪውም ለተቀባዩም ታላቅ ምሕረት ነው።

ከዚህ ሌላ፣ የተረፈው ወዴት እንደሚሄድ ከመጠየቅ ጋር ከየት እንደመጣ መጠየቅም ያሻል። ከጉልት ነጋዴዋ ላይ ጎመንና ቃሪያ ሲገዛ ተከራክሮ ዋጋ ማስቀነስ የገበያ ወግ ነው፤ ነገር ግን በሌላ ሱቅ የተጻፈውን ዋጋ ያለ አንዳች ቃል የሚከፍል ሰው፣ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠችው ሴት ምርቃት ሳይቀር ሲጨቀጭቅ የሚያተርፈው ጥቂት ብር የእርሷ ቤት እራት ሊሆን ይችላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ በአንዳንድ ቤት ለቤት ሠራተኛዋ የተለየ፣ ከቤተሰቡ ያነሰ ምግብ መመደቡ ነው። ምግቡን የምትሠራዋ እጅ ከምግቡ ስትከለከል ቤቱ የሚቀንሰው ወጪ በየትኛውም የሃይማኖት ትምህርት ቁጠባ ሊባል አይችልም፤ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ የተጻፈው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ይህንንም በለሰለሰ ቃል ማለፍ አይገባም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ገበሬው የእርሻውን ዳርቻ ፈጽሞ እንዳያጭድና ቃርሚያውን እንዳይለቅም፣ ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተወው ሲያዝዝ፣ አንዳንድ ነገር መቆጠብ እንደማይገባ፣ ሆን ተብሎ መተው እንዳለበት መደንገጉ ነው።

በተግባር ሲታሰብ የሄርማስ ሒሳብ ከባድ አይደለም። የፍስክ ሳምንት አስቤዛ ስንት እንደሚፈጅ በእያንዳንዱ ቤት አስቤዛውን የሚገዛው ሰው ያውቀዋል፤ የጾሙን ሳምንት ወጪ ከዚያ ቀንሶ ልዩነቱን ለብቻው ማስቀመጥ ብዙ ትምህርት አይጠይቅም። ልዩነቱ በየዓመቱ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ዘይት በተወደደበት ዓመት ይጠባል፤ ለጾም ተብሎ ውድ ዓሣና ልዩ ልዩ ጣፋጭ በሚገዛበት ቤትም ጭራሹን ይጠፋል፤ እንዲህ ያለው ቤት ሒሳቡን ሲሠራ የገዛ ጾሙን መልክ ያያል። በፍስኩም በጾሙም ሽሮ ብቻ በሚበላበት ቤት ደግሞ ልዩነቱ ከመጀመሪያውም የለም። ያ ቤት ጾሙን እንደ ማንም ይጾማል፤ በሄርማስ ሒሳብ ግን ሰጪ ሳይሆን ተቀባይ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚገኘው ሰጪው ቤት ካለበት ግቢ ውስጥ፣ በኋላው በር በኩል ነው።