ዝምተኛው አበዳሪ

ከዓባይ ማዶ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው መምህር ነበር። ዕዳ ቢበዛበት እንቅልፍ አጣና ጡረታ ወደ ወጡ አንድ ዳኛ ሄደ። «ጋሼ፣ ከአበዳሪዎቼ ያስማሙኝ፤ ጊዜ ይስጡኝ» አላቸው። ዳኛው ከችሎት ቢወርዱም ከሽማግሌነት አላረፉም ነበርና «ለእሑድ ሁሉንም ጥራልኝ፤ አንድም እንዳይቀር» አሉት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አበዳሪዎቹ በዳኛው ግቢ፣ ወይራው ሥር ተሰበሰቡ። የመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበሩ ሰብሳቢ መጣ፤ መምህሩ ለአባቱ ተዝካርና ለታላቅ ልጁ ሠርግ ከተበደረው 60,000 ብር ይቀርበታል፣ በየወሩም 1,500 ብር ከደመወዙ ይቆረጣል። የእቁቡ ጸሐፊ መጣ፤ መምህሩ ዕጣውን ቀድሞ ስለበላ ገና ዐሥር ወር ሙሉ 1,000 ብር መጣል አለበት። ባለሱቋ የዱቤ ደብተሯን ይዛ መጣች፤ ጤፉና ዘይቱ በወር 1,500 ይደርሳል። አራተኛው ነጋዴ ነው። 20,000 ብር በወር በዐሥር በመቶ አበድሮት ስምንት ወር ሙሉ 2,000 ሲቀበል ቢቆይም ዋናው ገንዘብ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ወር ሲደርስ እጅህ የሚገባው ስንት ነው?» አሉ ዳኛው።

«ደመወዜ 12,000 ነው። ግብርና ጡረታ ሲቀነስ 8,900 ገደማ ይሆናል። ለእነዚህ ሁሉ ካካፈልኩ በኋላ የሚቀረኝ ሦስት ሺህ አይሞላም።»

ዳኛው አራቱን በጣታቸው ቆጠሩና «አንድ ጎድሏል» አሉ።

መምህሩ ማለ፣ ተገዘተ። ከእነዚህ ሌላ የማንም ሳንቲም የለብኝም አለ።

«አለብህ እንጂ። ከአራቱም ይልቅ ብዙ የወሰድከው ከእሱ ነው። እሱ ሳይገኝ እርቅ የለም» ብለው ሰዎቹን አሰናበቷቸው።

መምህሩ ቤቱ ገብቶ ያሮጌ ደብተር ገጽ ሲገልጥ አመሸ። ባለቤቱ «እኅትህ ትሆን?» አለችው። ለእሷ መልሷል። «የእድሩስ?» እሱንም ከፍሏል። በማግስቱ ባዶ እጁን ተመልሶ ሲሄድ ዳኛው «ለጡረተኞች በሚከፈልበት ቀን ባንክ ቤት ሂድ። እዚያ ታገኘዋለህ» አሉት።

በቀኑ ሄደ። በሰልፉ መካከል የቀድሞ ዲሬክተሩን አገኛቸው። አለቃው በነበሩበት ዘመን ከረባት ሳያስሩ ከቤት የማይወጡ ሰው ነበሩ፤ አሁን ካፖርት ደርበው ቀይ ዓይናቸውን ያሻሻሉ።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?»

«እንቅልፍ ነው ልጄ። ወፍጮ ቤት ማታ ማታ እጠብቃለሁ።»

መምህሩ ደነገጠ። ዲሬክተሩ ገመናቸውን አልደበቁትም። በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከማኅበሩ ተበድረው ልጃቸውን በትልቅ ድንኳን ድረዋል። ብድሩ ሳያልቅ ስድሳ ሞላቸው። «እኔ ሳልከፍል ብቀር ከዋሶቼ ደመወዝ ይቆረጣል። ዋሶቼ ደግሞ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው፤ በየት በኩል ዓይናቸውን ልይ?» አሉ። ቀጥለውም «ስድሳ ሲሞላኝ ጡረታ የወጣሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ጡረታ የወጣው ደመወዜ ብቻ ነው» ብለው ሳቁ።

ሒሳቡንም እዚያው ሰልፍ ላይ አስረዱት። ለመጀመሪያው ዐሥር ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣራው 70 በመቶ ነው። የሚባዛውም በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ መደበኛ ደመወዝ ነው፤ አበል አይገባበትም። መምህሩ የባንክ ቅጽ ገልብጦ ጀርባው ላይ አሰላ። ሥራ የጀመረው በሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ስድሳ ሲሞላው የሠላሳ ዓመት አገልግሎት ይኖረዋል፣ ያ ደግሞ 55 በመቶ ነው። ዛሬ ባለው ደመወዝ 6,600 ብር ማለት ነው። ያኔም እንደ ዛሬው ለማኅበሩ 1,500፣ ለነጋዴው 2,000 ብከፍል ብሎ ሲቀንስበት 3,100 ቀረ። ከዚህ ላይ የሱቁም አለ፤ መድኃኒት ደግሞ ገና አልተነሣም። እስክሪብቶውን ዘጋው።

በሚቀጥለው እሑድ ሰዎቹ በተሰበሰቡበት ዳኛው «አገኘኸው?» አሉት።

«አገኘሁት፤ ገና መንገድ ላይ ነው እንጂ። ሊደርስ ስምንት ዓመት ይቀረዋል። ሲደርስ በእኔ ስም ይጠራል።»

«ያበደረህ ጊዜ አስፈርሞሃል?»

«አላስፈረመኝም።»

«ዋስ ጠርተሃል?»

«አልጠራሁም።»

«ደጅህን አንኳኩቶ ያውቃል?»

«በየት አውቆኝ!»

ዳኛው ወደ አራቱ ዞሩ። «እናንተ ትጮኻላችሁ፤ ስለምትጮኹም ይከፈላችኋል። ይህ አምስተኛው ግን አፍ የለውም። በተዝካሩም በሠርጉም የተበላው የእሱ ገንዘብ ነበር። ያስታወሰው ሕጉ ብቻ ነው፤ ከዚህ ሰው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆርጥለታል፣ መንግሥትም እንደ አሠሪ 11 በመቶ ይጨምርለታል። ከዚያ በላይ ማንም የሚያስገድድለት የለም። ስለዚህ ዛሬ ጠበቃው እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ ያነጋገሩት ነጋዴውን ነበር። «ወንድሜ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በሰውና በሰው መካከል ያለ የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። አንተ በወር ዐሥር ትቀበላለህ። ሙሉውን 12 ባስብልህ እንኳ የስምንት ወር ወለድህ 1,600 ነው። ከዋናው ጋር 21,600። የተቀበልከው 16,000። የቀረህ 5,600 ነው። በዚህ ትስማማለህ ወይስ ፍርድ ቤት እንሂድ?»

ነጋዴው ግራ ቀኝ አየ። አራጣውን በአደባባይ የሚያስቆጥርበት ቦታ መሄድ እንደማያዋጣው ገባው። «ለእርስዎ ሽበት ስል» አለ።

«ሁለት ሁለት ሺህ በሦስት ወር ይከፍልሃል። ትርፉ 400 ብር ለሽበቴ ይሁንልህ» አሉት።

ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሩ። «ከሦስት ወር በኋላ በወር 2,000 ብር ይፈታልሃል። ምን ልታደርግበት አስበሃል?»

«ሁሉንም ለማኅበሩ እከፍላለሁ። ከዕዳ ነፃ ልውጣ እንጂ ቁጠባው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።»

«አይሆንም። ዕዳህን ሁሉ ከፍለህ ኪስህ ባዶ ከሆነ፣ ልጅህን ያመመው ቀን እግርህ የሚወስድህ ወደዚሁ ሰውዬ ደጅ ነው። አንዱን ሺህ ለማኅበሩ ጨምርለት፤ ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ትጨርሳለህ። ሁለተኛውን ሺህ ለዝምተኛው አስቀምጥ። የማኅበሩ ወለድ መካከለኛ ነው፤ የአራጣው ግን በላተኛ ስለሆነ በፊት እሱን ገደልነው። ዕዳ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ቅደም ተከተል አለው።»

የእቁቡ ጸሐፊ «የእኔስ?» አለ።

«አንተ ዘንድ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። የመጀመሪያውን ዕጣ የወሰደ ተበዳሪ ነው፤ የመጨረሻውን የወሰደ ቆጣቢ ነው። እስካሁን ይህ ሰው በተበዳሪው በኩል ሲቀመጥ ኖሯል። ዐሥሩ ወር ሲያልቅ እንደገና ይግባ፤ ዕጣው ቀድሞ ቢወጣለት እንኳ ለቸገረው አሳልፎ መጨረሻውን ይውሰድ።»

ሁሉም ተስማሙ፣ ተመራረቁ። መምህሩ ከዓመታት በኋላ ቀለል ብሎት ቤቱ ገባና ለባለቤቱ ከአንደኛው ቃል እስከ መጨረሻው ነገራት። እሷ ለነገ የሚጋገረውን ሊጥ እያቦካች አዳመጠችው። ሲጨርስ እጇን ጠርጋ ቀና አለች።

«ያንተ ሽማግሌ ጠበቃ አገኘ፤ ደግ። የእኔዋን አሮጊትስ ማን ያስባት?»

መምህሩ የሚመልሰው አጣ።

«ሃያ ዓመት እንጀራ ጋግሬ ሸጥኩ። ሰባት የሚቆርጥልኝ፣ ዐሥራ አንድ የሚጨምርልኝ አለ? አንተ ብትቀድመኝ ግማሽ ጡረታህ ለእኔ ይሆናል አሉ። ታዲያ ሞትህን እየቆጠርኩ ልኑር?»

በማግስቱ ሁለቱም ዳኛው ዘንድ ሄዱ። ሰውየው ቃሏን ሰምተው ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «አንድ ባለመብት ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ይሻሻል» አሉ። «እስቲ አንቺ ልጄ፣ ገንዘቡ በእጅሽ ቢገባ ምን ታደርጊበታለሽ?»

«ብር ቢቀመጥ ይሟሟል፤ ዘንድሮ የገዛውን ለከርሞ አይገዛም። እኔ ግን ሥራዬን አውቃለሁ። እህል የሚረክሰው በመኸር፣ አውድማው ሲያልቅ ነው። እኛ በዱቤ የምንገዛው ነሐሴ ላይ፣ ሲወደድ ነው። እቁቡ በእኔ ስም ይግባ፤ በመጀመሪያው ብር በጥር የዓመት ጤፌን እገዛለሁ። የሱቁ ዱቤም በዚያው ይሞታል። በሚቀጥለው ብር ግቢያችን ውስጥ አንድ የሚከራይ ክፍል እንሠራለን። ቤት ኪራይ ጡረታ አይወጣም።»

ዳኛው ወደ መምህሩ ዞረው «ከእንግዲህ ሒሳብ ስትሠራ እሷን አስቀምጠህ ሥራ» አሉት።

እንደተባለው ሆነ ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ግን በቀጥታ አልሄደም። በሁለተኛው ዓመት መምህሩ ታሞ ለዝምተኛው ከተቀመጠው ገንዘብ ግማሹ በሕክምና አለቀ። ቢሆንም የአራጣ ደጅ አልረገጠም፤ ገንዘቡም የተቀመጠው ለዚሁ ነበር። የማኅበሩ ዕዳ በሦስተኛው ዓመት አለቀ። ክፍሉ ለመሠራት ከታሰበው በላይ ፈጀ፤ ከስድስተኛው ዓመት ጀምሮ ግን ተከራይ ገባበት።

ጡረታው አንድ ዓመት ሲቀረው ታናሽ ልጁ ሊያገባ ተነሣ። የልጅቷ ወገኖች ሰፊ ድንኳን ይጠብቃሉ። ዘመዶቹም መጡና «የመጨረሻ ልጅህ ነው፤ ሰው ምን ይላል? ማኅበሩ ያበድርሃል፤ ዋስም እንሆንሃለን» አሉት። መምህሩ ባለቤቱን አየ። እሷ ለዘመዶቹ ቡና እየቀዳች «ያለንን እንሰጣለን፤ በግቢያችን የሚይዘውን ያህል ሰው እንጠራለን» አለች።

ሠርጉ እንዲሁ ሆነ። ሰውም እንደተፈራው አለ፤ ድንኳን አልጣሉም፣ በሬ አልጣሉም፣ ንፉጎች ናቸው ተባለ። ይህ ሁሉ የዘለቀው አንድ ሳምንት ነው፤ ከዚያ የሌላ ሰው ሠርግ መጣና ተረሳ። የማኅበሩ ብድር ቢሆን ኖሮ አምስት ዓመት ሙሉ አይረሳም ነበር።