አራቱ ባሕርያት፣ አቶምና ሕዋስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች! በመካከላችን ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። እሑድ በጉባኤ መምህራኖቻችን፣ የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለትም ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት መፈጠሩን ያስተምሩናል። ሰኞ በኬሚስትሪ ክፍል ደግሞ እስከ ዛሬ የታወቁት ንጥረ ነገሮች 118 መሆናቸውን፣ መሬትም ሆነ ውኃ ከእነርሱ እንደማይቈጠሩ እንማራለን። ታዲያ ማንን እንመን? በዚህ ጥያቄ ምክንያት ከእኛ አንዳንዱ ሃይማኖቱን እንደ ተረት ቈጥሮ ከጉባኤ ይቀራል፤ ሌላው ደግሞ የሳይንስ መጽሐፉን እንደ ክሕደት ቈጥሮ ይዘጋዋል። ሁለቱም ጉዳት ነው። ስለዚህ ነገሩን ሳንሸሽ እንመርምረው።

አስቀድመን ሳይንስ የሚለውን በቅንነት እንስማ። ቁስ አካል የምንለው ክብደት ያለውንና ቦታ የሚይዘውን ነገር ሁሉ ነው። ድንጋዩም፣ ውኃውም፣ የምንተነፍሰው አየርም ቁስ አካል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የግሪኩ ፈላስፋ ኤምፔዶክሌስ ፍጥረት ሁሉ ከአራቱ ነገሮች እንደ ተገኘ አስተማረ። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ዲሞክሪጦስ ግን ሁሉም ነገር የማይከፈሉ ደቃቅ ነገሮች ስብስብ ነው አለ። አቶም የሚለው የግሪክ ቃል ትርጉሙም «የማይቈረጥ» ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1808 ጆን ዶልተን ይህን አሳብ በሚዛንና በስሌት ደገፈው። ቶምሰን በ1897 ኤሌክትሮንን ሲያገኝ፣ ራዘርፎርድም በ1911 ኑክሊየስን ሲገልጥ፣ የማይቈረጥ የተባለው አቶም ራሱ በውስጡ ሌሎች ክፍሎች ያሉት ሆነ። ኑክሊየሱ ከአቶሙ ወርድ 100,000 ጊዜ ያህል ያንሳል፤ የአቶሙ ክብደት ግን ከሞላ ጐደል ሁሉም በእርሱ ውስጥ ነው።

ከሰውነታችን ክብደት 65 ከመቶ ያህሉ ኦክስጅን፣ 18 ከመቶው ካርቦን፣ 10 ከመቶው ሃይድሮጂን፣ 3 ከመቶው ናይትሮጂን ነው። በቀረው ውስጥ የአጥንታችን ካልሲየምና ፎስፈረስ፣ የደማችን ብረትም ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ ከየት መጡ? ከምንበላው፣ ከምንጠጣውና ከምንተነፍሰው ነው። ጤፉ ውኃንና ማዕድንን ከአፈር ይስባል፤ ካርቦንን ከአየር ይወስዳል፤ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ይሠራዋል፤ ከዚያም እንጀራ ሆኖ ሥጋችን ይሆናል። ሰው ከምድር መሆኑን የኬሚስትሪ ሚዛንም አይክድም።

ነገር ግን «አባቶቻችን አቶምን ያውቁ ነበር» ብለን በማይገባ አንመካ። አራቱን ባሕርያት ሲያስተምሩን የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ ሊሰጡን አልነበረም። ውኃና እሳት፣ ነፋስና መሬት ጠባያቸው የማይስማማ ሲሆን በአንድ ሰው ውስጥ ያስማማቸው ማን ነው? ከሥጋስ ሌላ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት የሆነች ነፍስን የሰጠው ማን ነው? ትምህርታቸው ወደዚህ ያደርሰናል። ፍጥረትን እምኀበ አልቦ፣ ካለመኖር ወደ መኖር፣ ያመጣው እግዚአብሔር ነው። ሚዛን ያለውን ነገር ይመዝናል፤ ሃይማኖት ደግሞ የሰጪውን ፈቃድ ትነግረናለች። ጥያቄው ሁለት ከሆነ፣ መልሱ ሁለት መሆኑ ለምን ያስደነግጠናል?

አሁን ወደ ሕዋስ እንለፍ። በ1665 ሮበርት ሁክ የቡሽ ስስ ቍራጭ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ጥቃቅን ክፍሎች አየ። በ1838 ሽላይደን ዕፀዋት፣ በ1839 ሽቫን እንስሳት ከሕዋሳት መሠራታቸውን አስተማሩ። በአንድ ሰው አካል ውስጥ 30 ትሪሊዮን ያህል ሕዋሳት እንዳሉ ይገመታል፤ ከእነርሱም የሚበዙት ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው። ቀዩ የደም ሕዋስ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ይዘጋጃል፤ ወደ ደም ከመውጣቱ በፊት ኑክሊየሱን ይለቃል። ከዚያ 120 ቀን ያህል ኦክስጅን ተሸክሞ ከሳንባ ወደ ብልቶች ሁሉ ይመላለሳል። የሚያስደንቀው፣ ከተሸከመው ኦክስጅን ለራሱ ሥራ አይጠቀምም። ለሌላው ተሸክሞ ለሌላው ያደርሳል፤ ዘመኑም ሲያልቅ ብረቱ ለአዲስ ሕዋስ ይተርፋል።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ምእመናንን በአንድ አካል ብልቶች መመሰሉን ሁላችን ተምረናል። እንግዲህ እኛ የትኛውን ሕዋስ እንመስላለን? የሰማነውን ቃል ለታመመው፣ ለተቸገረው፣ ከጉባኤ ለራቀው ጓደኛችን እናደርሳለን? ወይስ ሥርዓቱን ትቶ ለራሱ ብቻ እንደሚባዛው የነቀርሳ ሕዋስ በአካሉ መካከል እየኖርን አካሉን እንጐዳለን? ይህን ስንል ሕሙማንን መንቀፋችን አይደለም፤ ለራሳችን ተግሣጽ እንዲሆነን ነው።

ቁስ አካልን አንናቅ። እግዚአብሔር ወልድ ከእመቤታችን የነሣው እውነተኛ ሥጋን ነው፤ የምንጠመቀውም በእውነተኛ ውኃ ነው። ስለዚህ ሥጋችንን በስካርና በሱስ አናርክሰው። በትምህርት ቤት የሚሰጠንን ትምህርት በትጋት እናጥና፤ የማናውቀውንም መምህራንን እንጠይቅ። «ማንን እንመን?» ብሎ ከጉባኤ የቀረውን ጓደኛችንን አንፍረድበት፤ ጥያቄውን ይዞ እንዲመጣ እንጥራውና አብረን እንማር።

የፍጥረት ሁሉ ጌታ ማስተዋልን ያድለን፤ ለወንድሞቻችን የምንጠቅም ሕያዋን ብልቶች ያድርገን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።