ሃይማኖት በነጥብ ይለካልን?

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የትምህርት ሕግ የሃይማኖት ትምህርት በየትምህርት ቤቱ እንዲሰጥ ሲያዝ፣ ልጁን ከዚህ ትምህርት ለማስቀረት ለሚሻ ወላጅም መብት ሰጥቷል። ዛሬ በዚያ አገር ይህን ትምህርት ለፈተና የሚያጠና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁለት ሃይማኖቶችን ይማራል። ስለዚህ ክርስቲያኑ ልጅ ስለ ረመዳን ጾም፣ ሙስሊሙ ልጅ ስለ ስቅለት የቤት ሥራ ጽፎ ለመምህሩ ያቀርባል።

እንግዲህ መምህሩ ነጥብ የሚሰጠው ለእምነቱ ነውን ወይስ ለዕውቀቱ? ለእምነቱ ነው ብንል፣ ልብን የሚመረምር አምላክ ብቻ ስለ ሆነ መምህሩ ከሥልጣኑ በላይ ፈርዷል። ለዕውቀቱ ብቻ ነው ብንል ደግሞ፣ ስለ ምጽዋት አሳምሮ የጻፈው ልጅ ድኻ አይቶ ሊያልፍ ይችላል። እኛም ተማሪ ሳለን በሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ስለ ሐቀኝነት የታዘዝነውን የቤት ሥራ ከጓደኛ ደብተር ገልብጠን ሙሉ ነጥብ ማግኘታችንን ስናስታውስ እናፍራለን።

ሆኖም የቤት ሥራው ከንቱ ነው አንልም። እምነት ባይመዘን ታማኝነት ይመዘናል። ስለ ጎረቤቱ ጾም የሚጽፍ ተማሪ፣ ጎረቤቱ ቢያነበው «አዎን፣ እኛ እንዲህ ነን» እስኪል ድረስ ጠይቆና አዳምጦ ከጻፈ፣ በባልንጀራው ላይ በሐሰት አልመሰከረም። ነጥቡን የሚሰጠው መምህሩ ነው፤ ለምስክርነቱ ግን ተጠያቂው ተማሪው ራሱ ነው።